ከውጭ ያዘዙት ዕቃ በየት በኩል ይምጣ? ፖስታ፣ ፈጣን መልእክት፣ ካርጎ ወይስ የዘመድ ሻንጣ

የካሜራ ማቆሚያው 1.6 ኪሎ እንደሚመዝን በሻጩ ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር። የማጓጓዣውን ሒሳብ በዚያው ሠርቼ አዘዝሁ። በሦስተኛው ቀን ሻጩ ከቻይና ፎቶ ላከልኝ፤ በታሸገው ካርቶን ላይ ቢጫ ሜትር ተዘርግቷል። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 15፣ ከፍታው 15 ሳንቲ ሜትር። ከፎቶው ሥር «መላኪያው የ3 ኪሎ ሆኗል፤ ልዩነቱን ይክፈሉ» የሚል መልእክት አለ።

ሰውየው አላጭበረበረኝም። ፈጣን መልእክት የሚያደርሱት ድርጅቶች ጥቅሉን በሚዛን ብቻ ሳይሆን በስፋቱም ይመዝኑታል። ሦስቱን ልኬቶች በሳንቲ ሜትር አባዝተው ለ5000 ያካፍላሉ፤ ከዚያ የሚወጣው ቁጥር ከእውነተኛው ክብደት ከበለጠ የሚያስከፍሉት በዚያኛው ነው። የእኔ ካርቶን 13,500 ለ5000 ሲካፈል 2.7 ሆነ፤ በግማሽ ኪሎ እየተጠጋጋ ወደ ላይ ስለሚሄድ 3 ኪሎ ተባለ። ካርቶኑ እጄ ገብቶ ስከፍተው የውስጡ ግማሽ ስፖንጅ ነበር። ስፖንጅና አየር በአውሮፕላን አሳፍሬ አዲስ አበባ አስገባሁ ማለት ነው።

ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ስለሆነ መለዋወጫና ዕቃ ከውጭ ማዘዝ አላቆምኩም። አራቱንም መንገዶች ሞክሬያለሁ። ሁሉም ተወድደዋል፤ ግን እኩል አልተወደዱም፣ የተወደዱትም በአንድ ምክንያት አይደለም። ለዚህ ነው «የትኛው ይረክሳል?» ተብዬ ስጠየቅ «ምንድን ነው የሚያመጡት?» ብዬ መልሼ የምጠይቀው።

መጀመሪያ ስለ ዋጋው

የዛሬ ስምንትና ዘጠኝ ዓመት የሁለት ዶላር ገመድ «ማጓጓዣ በነፃ» ተብሎ ይሸጥ ነበር። ነፃ የሚባል ነገር ግን አልነበረም። በዓለም የፖስታ ኅብረት ደንብ መሠረት ተቀባዩ አገር ፖስታ ቤት ከላኪው አገር የሚያገኘው የማድረሻ ክፍያ እጅግ ዝቅተኛ ስለነበር፣ ከቻይና የሚነሳው ትንሽ ጥቅል በሌላ ሰው ኪሳራ ይጓዝ ነበር። አሜሪካ ከኅብረቱ እወጣለሁ ብላ ካስፈራራች በኋላ፣ በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ የተደረገው አስቸኳይ ጉባኤ አገሮች የራሳቸውን ክፍያ እንዲወስኑ በር ከፈተ። ቀጥሎ ኮሮና መጣ፤ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ቆሙ። ብዙው የአየር ጭነት የሚጓዘው በመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ስለሆነ ቦታው ጠበበ፣ የኪሎው ዋጋ ናረ። ፈጣን መልእክት አድራሾቹም በየዓመቱ ታሪፍ ይጨምራሉ፤ ፌዴክስና ዩፒኤስ ለ2024ም ለ2025ም ከአሜሪካ የሚነሳውን በአማካይ 5.9 በመቶ ከፍ አድርገዋል። የነዳጅ ተጨማሪው ከዚህ ውጭ ነው።

እኛን ከሁሉም በላይ የጎዳን ግን የብሩ ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ20 ዶላር ማጓጓዣ ያኔ 1,140 ብር ነበር፤ ዶላሩን በ140 ብር ብናሰላው 2,800 ብር ነው። ላኪው አንድ ሳንቲም ባይጨምርም ማለት ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ ማጓጓዣውንና ኢንሹራንሱን ደምሮ ነው። አንድ የ40 ዶላር ዕቃ እንውሰድ። የቀረጡ ልክ 20 በመቶ ይሁን፤ ከዚያ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣል ተጨማሪ ግብር) የሚመለከተው ከሆነ ደግሞ 10 በመቶ፣ እያንዳንዱ ከበፊቱ ድምር በላይ ይመጣል። ሌሎቹን ጥቃቅን ክፍያዎች ትቻለሁ። ዕቃው በ5 ዶላር ማጓጓዣ ቢመጣ ጠቅላላ ወጪው 68 ዶላር ከ31 ሳንቲም ይሆናል። በ20 ዶላር ቢመጣ 91 ዶላር ከ8 ሳንቲም። በማጓጓዣው ላይ የ15 ዶላር ልዩነት መስሎ የታየው ነገር ቤት ሲደርስ 22 ዶላር ከ77 ሳንቲም ሆነ። ስለዚህ በሻጩ ገጽ ላይ ያለውን የማጓጓዣ ዋጋ ከሌላው ጋር ማወዳደር ብቻውን አያዋጣም፤ የሚወዳደረው ዕቃው እጅ ላይ የሚገባበት ዋጋ ነው።

ፖስታ፦ ለትንሹና ለማይቸኩለው

የካሜራ ማጣሪያ መስታወት፣ ገመድ፣ ቁልፍ፣ የመለዋወጫ ብሎን፣ እነዚህን ዛሬም በፖስታ ነው የማስመጣው። ትንሽ ጥቅል የሚባለው እስከ 2 ኪሎ ነው፤ በአብዛኛው የሚከፈለው በእውነተኛ ክብደቱ ስለሆነ ቀላል ግን ሰፋ ያለ ዕቃ እዚህ ላይ አይቀጣም። ከ2 ኪሎ በላይ ሲሆን ወደ ጥቅል ፖስታ ወይም ወደ ኢኤምኤስ (የፖስታ ቤቶች ፈጣን አገልግሎት) ይሻገራል፤ እዚያ ዋጋው ወደ ፈጣኖቹ መጠጋት ይጀምራል።

ጉዳቱ ጊዜው ነው። የመከታተያ ቁጥሩ ከላኪው አገር «ወጥቷል» ይልና ለሳምንታት ድምፁን ያጠፋል። መከታተያ የሌለውን ርካሹን ከመረጡ ደግሞ ቢጠፋ የሚጠይቁበት ወረቀት አይኖርዎትም፤ ሁለት ዶላር ለማትረፍ ብዬ ያጣሁትን የመስታወት ማጣሪያ እስከ ዛሬ አልረሳውም። የፖስታ ሳጥን ቁጥር ያስፈልጋል፣ የራስዎ ካልሆነ የመሥሪያ ቤት ወይም የዘመድ። ቸርችል ጎዳና ወዳለው ዋናው ፖስታ ቤት ሲሄዱ መታወቂያና የግዢ ደረሰኝ ይዘው ይሂዱ፤ ጥቅሉ ለጉምሩክ ፍተሻ ሲከፈት ዋጋውን የሚያስረዳ ወረቀት ያለውና የሌለው ሰው እኩል አይስተናገዱም። ደረሰኙ ካላሳመነ ጉምሩክ በራሱ የዋጋ መረጃ ይተምናል።

ፈጣን መልእክት፦ ለውዱና ለሚቸኩለው

ዲኤችኤል፣ ፌዴክስ፣ ዩፒኤስ። በቀናት ይደርሳል፣ የት እንዳለ በየሰዓቱ ይታያል፣ የጉምሩኩን ሥራም እነሱ ይጨርሳሉ። ለጨራሽነቱ ግን ክፍያ አለው፤ ቀረጡን ቀድመው ሲከፍሉልዎት የአገልግሎት ሒሳብ ይጨምራሉ፣ ዘግይተው ከወሰዱ የመጋዘን ኪራይ ይቆጠራል። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ለሥራ ሄጄ ስመለስ ለአንዲት የካሜራ ሌንስ የመጋዘን ኪራይ ከፍያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ደውለውልኝ ስልኬ ዝግ ነበር።

ለሌንስ ግን ዛሬም የምመርጠው ይህን ነው። ምክንያቱ ሌንስ ትንሽ፣ ከባድና ውድ ነው፤ ካርቶኑ ከክብደቱ ጋር ስለሚመጣጠን የስፋቱ ሒሳብ አይጎዳውም፣ ማጓጓዣውም ከዋጋው አንጻር ትንሽ ነው። ማቆሚያ፣ የመብራት ጃንጥላ፣ ጫማ በካርቶኑ፣ ትራስ፣ የሕፃን ወንበር በዚህ መንገድ አይምጡ።

ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «ዋጋው ቀረጥ የተከፈለበት ነው ወይስ ያልተከፈለበት?» ይህን ያልጠየቀ ሰው ዕቃው ደርሶ ሌላ ሒሳብ ሲቀርብለት ተጭበረበርኩ ይላል። አማዞን ለአንዳንድ አገሮች ግምታዊውን የቀረጥ ገንዘብ ከዕቃው ዋጋ ጋር አብሮ ይይዝና የተረፈውን በኋላ ይመልሳል፤ ብዙ ሌሎች ሻጮች ግን ጉዳዩን ለተቀባዩ ይተዉታል።

ካርጎ በኪሎ፦ ብዙ ዕቃ ላለው

በቴሌግራም «ከጓንጁ በኪሎ፣ ከዱባይ በኪሎ» የሚሉትን ሁላችሁም አይታችኋል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ሻጩ ዕቃውን እዚያው አገር ወዳለው መጋዘናቸው ይልካል፣ እነሱ የብዙ ሰው ዕቃ አጠራቅመው ባንድ ጭነት ያመጡታል፣ እርስዎ መርካቶ ወይም ቦሌ ካለ ቢሮ በኪሎ ከፍለው ይረከባሉ። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም፤ ነገር ግን ከ5 ኪሎ በላይ ላለው ተራ ዕቃ፣ ለልብስ፣ ለቦርሳ፣ ለመለዋወጫ፣ በእኔ ሒሳብ የሚቀድመው የለም። ስፋት ሲያሰሉም በአየር ጭነት ልማድ የሚያካፍሉት ለ6000 ነው። ያ የእኔ ማቆሚያ በዚህ ስሌት 2.25 ኪሎ ይሆን ነበር።

የሚያሳስበው ወረቀቱ ነው። የሚከፍሉት አንድ ድምር ዋጋ «ቀረጥን ጨምሮ» ይባላል፤ ዲክላራሲዮኑ (ዕቃው ለጉምሩክ የተመዘገበበት ሰነድ) ግን በእርስዎ ስም አይደለም። ዕቃው ቢያዝ ወይም ቢጠፋ በእጅዎ ያለው የቴሌግራም መልእክት ብቻ ነው። ለድርጅትዎ ሒሳብ የሚያስፈልግ ዕቃ ከሆነ ይህን መንገድ ይተዉት፤ ደረሰኝ ሳይኖር ወጪ አይያዝም። «በ10 ቀን ይገባል» የሚባለውም ጭነቱ ከሞላ ነው፤ ካልሞላ መጋዘን ይጠብቃል።

ባትሪ ያለበት ዕቃ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ብቻውን የታሸገ የሊቲየም ባትሪ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዲጫን አይፈቀድም። በኪሎ የሚያመጡት ሰዎች ለባትሪ ሌላ ዋጋ የሚጠሩት ወይም ጭራሽ አንቀበልም የሚሉት ለዚህ ነው። «ችግር የለውም፣ ከልብስ ጋር ጠቅልለን እናስገባዋለን» የሚልዎት ሰው ካገኙ ዕቃዎን ይዘው ይመለሱ።

የዘመድ ሻንጣ

በነፃ የሚመስለው ይህ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በብዙ የረጅም ርቀት በረራዎቹ ላይ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቅዳል፤ ከዋሽንግተን የሚመጣው ሰው ግን ሻንጣው ከመሙላቱ በፊት የሃያ ሰው አደራ ተቀብሏል። የእኔ ልምድ እንዲህ ነው፦ ከግማሽ ኪሎ አልፎ አልለምንም፣ ዕቃውንም ከነካርቶኑ አላስይዝም፣ ደረሰኙን በስልኩ እልክለታለሁ። ቦሌ ላይ ተጠይቆ «የማን እንደሆነ አላውቅም» የሚል ዘመድ ማፍራት አልፈልግም። ትርፍ የካሜራ ባትሪ የሚይዝልኝ ከሆነ በእጅ ቦርሳው ነው እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፤ የ20,000 ሚሊአምፔር ፓወር ባንክም (74 ዋት ሰዓት ገደማ ነው) በዚያው በእጅ ቦርሳ ያልፋል፤ ከ100 ዋት ሰዓት ካለፈ ግን የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ነፃ ይመስላል ያልኩት ደግሞ ስለ መልሱ ነው። ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ አንዲት የማስታወሻ ካርድ አምጥታልኝ ስትመለስ 3 ኪሎ በርበሬ፣ 2 ኪሎ ሽሮና የተቆላ ቡና አስይዣታለሁ። ሒሳቡን እናቴ አትወደውም እንጂ ካርዷን በፖስታ ባስመጣት ትረክስ ነበር።

በመርከብ ስለማምጣት ብዙ አልልም፤ ሶፋ ወይም ማሽን ካልሆነ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. መስከረም ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር የመርከብ ጭነት ዋጋ በሚከታተለው በድሩሪ ድርጅት መለኪያ ከ10,000 ዶላር አልፎ ነበር፤ ያ ወርዷል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር የተፈጠረው ጥቃት የባሰ የሚነካው ከአውሮፓ የሚመጣውን ነው። ከቻይና የሚመጣ መርከብ ጅቡቲ ለመድረስ የቀይ ባሕር ደቡባዊ በር የሆነውን ባብ ኤል መንደብን ማለፍ የለበትም፤ የጦርነት ኢንሹራንሱ ግን ለሁሉም ይተርፋል።

ከእኛ ወደ ውጭ ለሚያዝዙት

አሜሪካ ሆናችሁ የሀበሻ ቀሚስ ከሽሮ ሜዳ የምታዝዙም በዚህ ሒሳብ ውስጥ ገብታችኋል። እስከ 800 ዶላር ያለ ጥቅል ያለ ቀረጥ የሚገባበት ፈቃድ ከነሐሴ 29 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም አገሮች ታግዷል። አውሮፓ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ከመጀመሪያዋ ዩሮ አንሥቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያስከፍላል። ለሠርግ ስድስት ሰው አንድ ዓይነት የሚያሰፋ ከሆነ ስድስት ጥቅል አታስልኩ፤ ባንድ ካርቶን፣ በትክክለኛ ዋጋው። «ስጦታ ነው፣ 10 ዶላር ብለህ ጻፍ» የሚለው ምክር ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ፣ ጥቅሉ ቢጠፋ ካሳው የሚከፈለው በዚያችው 10 ዶላር ነው።

ባለፈው ሳምንት የመብራት ማቆሚያ አዝዣለሁ፣ ከዚያው ሻጭ። ስፖንጁን እንዲያወጣና በጨርቅ ቦርሳው ብቻ ጠቅልሎ እንዲያሽገው ጻፍኩለት። ትናንት ፎቶው መጣ፦ ያው ቢጫ ሜትር፣ 60 በ12 በ12። አባዛሁት፣ ለ5000 አካፈልኩት፤ 1.73። ሁለት ኪሎ ነው የሚከፈለው።