የኩዊዜኔር ዘንጎች፦ የትምህርት መክፈቻ ቀናችን ሣጥን

ልጆቼን ቤት ውስጥ የማስተምር እናት ነኝ፤ የምንኖረው በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ነው። እዚህ የሚጠየቀው ወረቀት ብዙ አይደለም፤ ዋናው የሚማሩትን የትምህርት ዓይነት ዘርዝሮ እስከ ኦገስት 15 ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ ማሳወቅ ነው። የሚከብደው ከረጅሙ ዕረፍት በኋላ ልጆቹን መልሶ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ ነው። ዘንድሮ የመጀመሪያውን ቀን ያለ ደብተርና ያለ እርሳስ፣ የኩዊዜኔር ዘንጎች በሚባሉት ባለቀለም የሒሳብ ማስተማሪያ እንጨቶች አንድ ሣጥን ጀመርን።

ዘንጎቹ ዐሥር ዓይነት ናቸው። ነጩ በሁሉም ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀዩ ርዝመቱ 2፣ ፈካ ያለው አረንጓዴ 3፣ ሐምራዊው 4፣ ቢጫው 5 እያለ ብርቱካናማው 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ያበቃል። የፈለሰፋቸው ጆርጅ ኩዊዜኔር የተባለ ቤልጅየማዊ መምህር ሲሆን፣ በዓለም ያስተዋወቃቸው ግን በዚያኛው አሌክሳንድሪያ፣ በግብፁ፣ የተወለደው የሒሳብ መምህር ካሌብ ጋቴኞ ነው። ጋቴኞ እ.ኤ.አ. በ1957 በተባበሩት መንግሥታት በኩል ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ በአማርኛ ንባብ ማስተማሪያ ላይ ሠርቷል፤ ንባብን በቀለም የሚያስተምርበት ዘዴው የበቀለውም ከዚያ ሥራ ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት ሣጥኑን እንደ አገር ልጅ ታየው ጀመር።

ከሁሉ የምወድላቸው አንድም ቁጥር ያልተጻፈባቸው መሆኑን ነው። እንግሊዝኛ የማታነበው እናቴ ከልጆቹ እኩል ትቀመጣለች። የስድስት ዓመቷን ልጄን፣ ዘንግ ከዘንግ እየቀጠለች የሐምራዊውን ርዝመት በስንት መንገድ መሥራት እንደምትችል ጠየቅኋት፤ ቅደም ተከተሉ ከተለየ እንደ ሌላ መንገድ ይቆጠራል። ሰባት ሠርታ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«ቆይ እናቴ፣ ራሱን ሐምራዊውን ምነው ተውሽው?» አለቻት አያቷ።

ስምንት ሆነ። የዘጠኝ ዓመቱ ወንድሟ ለቢጫው ዘጠኝ መንገድ ይበቃል ብሎ ተከራከረ። መልሱ 16 ነው፤ ርዝመቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር ሲጨምር መንገዱ እጥፍ ይሆናል። ካልሠራሁት አላምንም ብሎ ምንጣፉን በዘንግ ሞላው፤ መሐል ላይ ነጮቹ አለቁና የጎደለውን በሽምብራ ተካን። የዚያን ቀን ጠዋት «ሒሳብ» የሚለውን ቃል አንድም ጊዜ አላነሣሁም።

ለወንዱ ልጄ ዋናው ጥቅም ክፍልፋይ ላይ ነው። ብርቱካናማውን አንድ ሙሉ ካልነው ቢጫው ግማሽ፣ ቀዩ አንድ አምስተኛ ይሆናል። ባለ 9 ሴንቲ ሜትሩን ሰማያዊ አንድ ሙሉ ስናደርገው ደግሞ ፈካ ያለው አረንጓዴ አንድ ሦስተኛ ይሆናል። አምና በወረቀት ላይ ያስለቀሰው ነገር ይህ ነበር፤ ዘንድሮ እኔን ሊፈትነኝ ተነሣ።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የማባዣ ሰንጠረዥን አይተኩም፤ 7 ሲባዛ በ8 በቃል መጠናት አለበት፣ ማንም ሌላ ቢላችሁ አትስሙ። ነጮቹ ትንንሽ ስለሆኑ ሁሉን ወደ አፉ የሚከት ሕፃን ባለበት ቤት አደገኛ ናቸው። የእኛ ሣጥን ክዳኑ አይገጥምም፤ አንድ ቡናማ ዘንግም ጎድሎት ነው የደረሰን፤ ሻጩ ፎቶ ላኩ፣ ደግማችሁ ላኩ እያለ ካመላለሰን በኋላ ተካልን። አብሮት የሚመጣው መመሪያ ስስ ነው፤ እኔ አልተጠቀምሁበትም። ከፕላስቲኩ ይልቅ የእንጨቱን ግዙ፤ ፕላስቲኩ ይንሸራተታል፣ ጠረጴዛ ላይም ሲወድቅ ጆሮ ይበሳል።

እኔ የገዛሁት 74 ዘንግ ያለውን ሣጥን ነው። ለአንድ ልጅ ይበቃል። ለሁለት ልጆች ግን ጠብ ይጋብዛል፤ ከቢጫ ጀምሮ እስከ ብርቱካናማ ያሉት ከእያንዳንዱ አራት አራት ብቻ ናቸው። መቶን በካሬ ለማሳየት ዐሥር ብርቱካናማ ጎን ለጎን መደርደር ስላለበት በዚህ ሣጥን አይሞከርም። ሁለትና ከዚያ በላይ ልጅ ያላችሁ ከመጀመሪያው ትልቁን ሣጥን እዘዙ።