አሮጌውን ቤት መጠገን ወይስ አፍርሶ አስመስሎ መሥራት?

ታሪካዊ ቤት ሲያረጅ ሁለት ሐሳብ ይቀርባል። አንዱ ያለውን መጠገን ነው። ሌላው አፍርሶ በአዲስ ዕቃ መልኩን አስመስሎ መሥራት። እኔ ከመጀመሪያው ጋር ነኝ።

አስመስሎ መሥራት ይፈጥናል፤ ወጪውም ቀድሞ ይታወቃል። ጥገና ላይ ግን ግድግዳው ሲከፈት ያልታሰበ ጉድ ይወጣል፤ የበሰበሰ ወራጅ፣ የተሰነጠቀ መሠረት። በጀት ሲያዝ ይሄ መታሰብ አለበት።

ግን አንድ የድሮ የእንጨት ደረጃ ጠጋ ብላችሁ እዩ። የእያንዳንዱ መርገጫ መሃል በእግር ብዛት ጎድጎድ ብሏል። ከሥሩ ስትዳብሱት የአናጢው መላጊያ ያለፈበት መስመር እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። ይህን የትኛው ፋብሪካ ይሠራዋል?

ጥገናም በዘፈቀደ አይሆንም። በኖራ የተገነባ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ውሎ አድሮ ጡቡ መፈረካከስ ይጀምራል። ኖራን በኖራ መጠገን ነው የሚያዋጣው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር የተባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ ሰነድም እድሳት ግምት ከሚጀምርበት ቦታ ማለፍ የለበትም ይላል።

አስመስሎ መሥራት የሚያስኬደው የሚጠገን ነገር ሳይተርፍ ሲቀር ነው። የፖላንድ ዋና ከተማ የዋርሶ ታሪካዊ ማዕከል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ85 በመቶ በላይ ወድሞ ነበር። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎችን ሳይቀር እያዩ መልሰው ገነቡት። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ዋርሶን ያፈረሰው ግን ጦርነት ነው። ቆሞ ያለ ቤት ለማፍረስ እሷን ምሳሌ መጥቀስ አይሆንም።