ኢስታንቡል ላይ ስለ ፈረንሳይ አምባሳደሮች ዕዳ የሚያወራ የእግር ጉዞ፦ ጊዜ ካላችሁ ሂዱ

ዕቃ ለማምጣት ኢስታንቡል መመላለስ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ላሌሊን፣ የጅምላ ገበያውን ሰፈር፣ እንደ ሰፈሬ አውቀዋለሁ፤ ከዚያ ውጪ ግን ከተማዋን አይቻታለሁ ማለት አልችልም ነበር። ባለፈው ካርጎ አንድ ቀን ዘገየብኝና የሆቴሉ ልጅ፣ የድሮ የፈረንሳይ አምባሳደሮች እንዴት ይኖሩ እንደነበር የሚያስጎበኝ ሰው አለ ሲለኝ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ በእንግሊዝኛ፣ 20 ዩሮ።

የሚጀመረው ጋላታ ግንብ ሥር ነው። የፈረንሳይ ነጋዴዎች ጋላታ ይኖሩ ነበር፣ አምባሳደሩ ደግሞ ከላይ፣ ፔራ የሚባለው ሰፈር። ቀልቤን የያዘው አስጎብኚው ዳገቱን እያስወጣን ያወራልን የደመወዝ ጉዳይ ነው። ንጉሡ ሲሾመው ደመወዝ ይቆርጥለታል፣ ገንዘቡ ግን በጊዜው አይመጣም፤ ጦርነት ካለማ ጭራሽ ይዘገያል። ቤት፣ አሽከር፣ አስተርጓሚ፣ ለሱልጣኑና ለባለሥልጣናቱ የሚሰጥ ገጸ በረከት ግን ነገ አይባልም። ሰውየው መጀመሪያ ከራሱ ያወጣል፣ ሲያልቅበት ይበደራል። ከአንዱ ነጋዴ ብር ይወስድና ፈረንሳይ ላይ የሚከፈል ወረቀት ይጽፍለታል፣ ሐዋላ በሉት። እዚያ የሚከፍል ከጠፋ ወረቀቱ ወጪና ወለድ ተሸክሞ ይመለሳል። በዱቤ ሸጦ የሚያውቅ ሰው ይሄ ይገባዋል።

ሴዚ የሚባለውን አምባሳደር ታሪክ ስሰማ እውነቴን ነው ሆዴ ባባ። እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ እዚህ ሲያገለግል ዕዳ ውስጥ ተዘፈቀ። በ1631 ማርሽቪል የሚባል ተተኪ መጣለት፣ እሱ ግን አበዳሪዎቹ ስለያዙት አገሩ መግባት አልቻለም። ማርሽቪል በ1634 ሲባረር ሴዚ እዚያው ስለነበር ሥራውን መልሶ ያዘ። ዕዳውን ለመክፈል በነጋዴዎቹ ዕቃ ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ተጣለ። ንጉሡ ሳይከፍል ነጋዴው ከፈለ ማለት ነው! እኔ እንደ ነጋዴ ይሄ አናደደኝ።

ኖይንቴልም አለ፣ በ1670 የተሾመው። በ1673 የፈረንሳዮችን ጉምሩክ ከ5 በመቶ ወደ 3 በመቶ አስወርዷል፣ ይህ ለነጋዴ ትልቅ ነገር ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ ብዙ ሰው አስከትሎ ገናን አንቲፓሮስ በሚባል የግሪክ ደሴት ዋሻ ውስጥ አክብሯል፣ መሬት ውስጥ ቅዳሴ አስቀድሶ። አስጎብኚው የዋሻውን ሥዕል ሲያሳየን ያ ሁሉ ሻማ በማን ብር ነው አልኩ። ለካ በብድር ነበር። በ1679 ዕዳውን እንደተሸከመ ተጠርቶ ሲመለስ የንጉሡን ሞገስ አጥቶ ነበር።

መላ የተገኘው በ1691 ነው። የአምባሳደሩንና የቆንስሎቹን ደመወዝ የማርሴይ፣ የፈረንሳይዋ የወደብ ከተማ፣ ንግድ ምክር ቤት እንዲከፍል ተወሰነ። አሁንም ነጋዴው ነው የሚከፍለው፣ ግን ቢያንስ ስንት እንደሚወጣ ያውቃል። እኔ ይሄን ክፍል ረዘም አድርጎ ቢያስረዳን ደስ ይለኝ ነበር፣ አስጎብኚው ግን ሮጠበት።

የመጨረሻው ማቆሚያ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት የሚሉት ግቢ ነው፣ ኢስቲክላል ከሚባለው ትልቅ ጎዳና ወረድ ብሎ። የድሮው በ1831 ቃጠሎ ወድሟል፣ አሁን ያለው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። የምታዩት በበሩ ብቻ ነው፣ አያስገባም። ይህን ቀድመው ቢነግሩን ጥሩ ነበር። አሥራ አራት ሰው ነበርንና ኢስቲክላል ላይ ቀዩ ትራም ደወሉን እያሰማ ሲያልፍ ከኋላ ላለ ሰው ምንም አይሰማም፤ እኔ ግማሹን ከፊት ተጋፍቼ ነው የሰማሁት።

አንድ ነገር ቀረብኝ። ፈረንሳዮች ከካይሮ ወደ ታላቁ ኢያሱ የላኩት ዱ ሩል የሚባል መልእክተኛ በ1705 ሱዳን ውስጥ ሰናር ላይ ተገድሎ ንብረቱ ተዘርፏል። ብጠይቀው አስጎብኚው አልሰማም። ስሙን ጻፊልኝ ብሎ ደብተሩን ሰጠኝ፣ ጻፍኩለት። ይህ ጠባዩ በጣም ደስ ብሎኛል።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ስትመዘገቡ ስንት ሰው እንደሆነ ጠይቁ። ታኮ ጫማ ደግሞ አታድርጉ፣ የጋላታ ዳገት ድንጋይ ነው።