ሽሮ ሜዳ ለጀማሪ ዲዛይነር፦ ከሱቁ ጀርባ ያለው ሥራ

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ፣ የአሜሪካ ኤምባሲን አልፎ፣ ዳገቱ ሳይበረታ በፊት ግራና ቀኙ በነጭ ልብስ የተሞላው ሰፈር ሽሮ ሜዳ ነው። አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቀው ለሠርግ፣ ለገናና ለጥምቀት ቀሚስ የሚገዛበት ገበያ መሆኑን ነው። ይህ ግምገማ የተጻፈው ግን ለሌላ ዓይነት ደንበኛ ነው፤ የራሱን የልብስ ስም ለማቆም ለተነሳ ዲዛይነር፣ ለዘፋኝ ክሊፕ ልብስ ለሚያዘጋጅ ስታይሊስት፣ የቴሌቪዥንና የዩቲዩብ አቅራቢ ለሚያለብስ ባለሙያ። ለእነዚህ ሰዎች ሽሮ ሜዳ እንደ ሱቅ መካከለኛ ነው። እንደ ማምረቻ ግን ከተማው ውስጥ የሚተካከለው ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ልዩነቱ ያለው ከሱቆቹ ጀርባ ነው። በአካባቢው ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ወይም የእነዚያ ልጆች ናቸው። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ነው፤ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ ድሩን (በቁመት የሚወጠረውን ክር) ከፊቱ ወጥሮ፣ መወርወሪያውን በእጁ እያመላለሰ ይሠራል። ዲዛይነር ሱቅ ገብቶ ያለቀ ቀሚስ ሲገዛ ሌላው ሁሉ የሚገዛውን ነው የሚገዛው፤ አንገቱን ቢቀይር፣ እጅጌውን ቢያሳጥር ያው ልብስ ነው። ሸማኔው ጋ ሄዶ የጥለቱን ስፋት፣ የቀለሙን ቅደም ተከተልና የጨርቁን ውፍረት ራሱ ሲያዝ ግን ልብሱ ገና ከድሩ ጀምሮ የእሱ ይሆናል። የሽሮ ሜዳ ዋናው ጥቅም ይኼ ነው፤ ብዙ ጀማሪዎች ግን ሳይጠቀሙበት ያልፋሉ።

ከሸማኔ ጋር ለመሥራት መጀመሪያ የጨርቁን ስፋት መቀበል ያስፈልጋል። የእጅ ሽመና ጨርቅ ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እንደ ፋብሪካ ጨርቅ 150 ሳንቲ አይደለም። ኢንተርኔት ላይ የተገኘ የአውሮፓ ፓተርን (የልብስ መቁረጫ ንድፍ) እንዳለ አምጥቶ እዚህ ጨርቅ ላይ ማስቀመጥ ስለማይሠራ ሰፊ ክብ ጉርድ የግድ በቁራጭ ይቀጠላል። ስለዚህ ዲዛይኑ ከመጀመሪያው ለጠባብ ጨርቅ ይታሰብ። ለአንድ ረጅም ቀሚስ ያለ ነጠላው ከ4 እስከ 5 ሜትር ማስላት ተገቢ ነው። አንዳንድ ሸማኔ እስከ ዛሬ በክንድ ይለካል፤ የእሱ ክንድ የእናንተ ክንድ ስላልሆነ ትእዛዙን በሜትር ጽፋችሁ፣ ሜትራችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

ትእዛዝ በቃል ብቻ መስጠት የብዙ ጥል ምንጭ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ የጨርቁ ርዝመት፣ ጥለቱ ከታች ስንት ሳንቲ እንደሚሆን፣ ደረቱ ላይ ስንት እንደሚሆን፣ የእጅጌው ጠርዝ ላይ ይኑር አይኑር፣ በሁለቱ ጥለቶች መካከል ስንት ሜትር ነጭ ሜዳ እንደሚቀር፣ ቀለማቱ በምን ተራ እንደሚመጡ በሥዕል ይሰፍርበታል። ሥዕሉ የሰለጠነ እጅ ሥራ ባይሆን ምንም አይደለም፤ ልኩ ግን ትክክል ይሁን። የክሩን ቀለም በስም ከመጻፍ የክሩን ቁራጭ ወረቀቱ ላይ ማጣበቅ ይሻላል፤ «ወርቃማ» የሚለው ቃል ከቢጫ እስከ ቡናማ ድረስ ያደርሳል። ከዚያ ሙሉው ከመጀመሩ በፊት 20 ሳንቲ ያህል ናሙና አሠሩ፤ የናሙናውን ዋጋም ሳትከራከሩ ክፈሉ። ሸማኔው ቀኑን ነው የሰጣችሁ፤ በናሙናው የተያዘ ስህተት ደግሞ ሙሉ ድር ከማበላሸት ያድናል።

ከአንድ በላይ ልብስ የምታሠሩ ከሆነ ክሩን ለሙሉው ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ግዙ። በተለያየ ጊዜ የተነከረ ክር ስሙ አንድ ቢሆንም መልኩ ይለያል፤ ለአራት ተወዛዋዦች የታዘዘ ልብስ ሁለቱ ደማቅ ሁለቱ ደብዛዛ ቀይ ሆኖ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ልዩነቱ ሱቅ ውስጥ ላይታይ ይችላል፤ መድረክ መብራት ላይ ግን ወዲያው ይወጣል።

ስለ ጨርቅ ዓይነት ስንመጣ፣ በገበያው ፈትልና መነን የሚሉ ስሞች ትሰማላችሁ። ፈትል በእንዝርት የተፈተለ የእጅ ክር ያለበት ነው፤ ክሩ እኩል ስላልሆነ ጨርቁ ላይ ቀጠን ወፈር የሚል መልክ ይታያል፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን የሥራው ውበት ነው። መነን የሚባለው ስስና ለስላሳ ነው። ይሁን እንጂ በስም ብቻ አትደራደሩ፤ ከሱቅ ሱቅ አጠራሩ ይለያያል። ጨርቁን በብርሃን አንጻር ዘርግታችሁ እዩ፤ ማጉ (በአግድም የሚገባው ክር) አንዳንድ ቦታ ጠብቆ አንዳንድ ቦታ ላልቶ ከሆነ ሲሰፋ ይንሸራተታል። በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን ሳቡት፤ ክሮቹ ተራርቀው የማይመለሱ ከሆነ ለጠባብ ወገብ አይሆንም። ለነጠላ ወይም ለሰፊ ቀሚስ ግን ችግር የለውም።

በገበያው ያለው ትልቁ ፈተና የታተመ ጥለት ነው። ከውጭ የሚገባ፣ የሽመና መልክ የታተመበት ጨርቅ ከእውነተኛው ጎን ተሰቅሎ ይሸጣል፤ ሁሉም ሻጭ ደግሞ ሳይጠየቅ አይነግርም። መለየቱ ቀላል ነው። ጀርባውን ገልብጡ፤ የተሸመነ ጥለት ከኋላም ክሩ ይታያል፣ በጣት ሲዳሰስም ይነሳል። የታተመው ከኋላ ደብዝዞ ይታያል ወይም ነጭ ነው፤ በጣት ሲነካም ልሙጥ ነው። አሁንም ከተጠራጠራችሁ ከጠርዙ ሁለት ክር መዛችሁ በክብሪት አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ነጩ ሜዳ ጥጥ ሆኖ የጥለቱ ክር ሰው ሠራሽ ሊሆን እንደሚችል ግን አትርሱ። ይህ የተለመደ ነው፣ ማታለልም አይደለም፤ ካውያው ሲግል ጥለቱን ብቻ ስለሚያኮማትር ግን ከላይ ስስ ጨርቅ አድርጎ በዝቅተኛ ሙቀት መተኮስ ያስፈልጋል።

ቀለም መልቀቅ ሌላው ጉዳይ ነው። ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር አረንጓዴ ክር ቀለሙን ለቆ ነጩን ሜዳ ሊያበላሽ ይችላል። ከመቀበላችሁ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ እሹ፤ ቀለም ከያዘ ክሩ ይቀየር። ይህን ደግሞ ከናሙናው ላይ ማየት ነው እንጂ ቀሚሱ ካለቀ በኋላ መፍትሔ የለውም። ጥጥ ስለሆነም በመጀመሪያው እጥበት ይገባል፤ በሜትር ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሊያጥር ይችላል። ጨርቁን ሳይቆረጥ በቀዝቃዛ ውኃ ነክራችሁ፣ ሳትጠመዝዙ በጥላ አድርቃችሁ፣ ከዚያ ነው መቀስ የሚነሳው። ይህን የዘለለ ዲዛይነር ደንበኛው ቀሚሱን አንድ ጊዜ አጥቦ «ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቀረ» ብሎ ይመልስለታል።

በአካባቢው ያሉት ልብስ ሰፊዎች ፈጣን ናቸው፤ ፍጥነታቸው ግን ለበዓል ገበያ የተቃኘ ነው። የሐበሻ ቀሚስ በተለመደው መልኩ ሲሆን እጃቸው የተባረከ ነው። አዲስ ቅርጽ ስታመጡ ግን ስፌቱን ራሳችሁ መቆጣጠር አለባችሁ። የእጅ ሽመና ጨርቅ ጫፉ ስለሚተለተል ለስፌት 1 ሳንቲ መተው አይበቃም፤ ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲ ይተው፣ ጠርዙም በኦቨርሎክ (ጠርዝ በሚዘመዝም ማሽን) ይዘምዘም። መርፌው ቀጭን ይሁን፣ 70 ወይም 80 ቁጥር። ወፍራም መርፌ ክሩን በጥሶ ስፌቱ ዳር የቀዳዳ መስመር ይተዋል። ዚፕ የሚገባበትና ብብት አካባቢ ውስጡ ስስ ገበር ካልተደረገበት ጭነቱን አይችልም። ለእስክስታ የሚለበስ ልብስ ደግሞ ትከሻው ላይ ነው የሚፈተነው፤ ጀርባው ከደረቱ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሰፋ ይበል፣ ብብቱም በጣም አይውረድ። ብብቱ የወረደ ልብስ ክንድ ሲነሳ ቀሚሱን በሙሉ ይዞ ይነሳል። ለባሹ ቆሞ ሲለካ ያማረ ቀሚስ የክሊፕ ቀረጻ መሃል የሚቀደደው በብዛት እዚህ ቦታ ነው።

ለካሜራ ለሚሠሩ ጥቂት ተጨማሪ ነገር። ንጹሕ ነጭ ጥጥ በቀጥታ ፀሐይ ሲቀረጽ የሽመናው መልክ ይጠፋል፤ ጠይም ፊትና ነጭ ልብስ አንድ ላይ ሲሆኑ ቀራጩ ለፊቱ ሲያበራ ልብሱ በምስሉ ላይ ከልክ በላይ ነጥቶ ዝርዝሩ ይጠፋል። ስለዚህ ከደማቅ ነጭ ይልቅ ወደ ክሬም ያዘነበለ ያልነጣ ጥጥ ማዘዝ ብልህነት ነው፤ ፈትል ለዚህ በጣም ይመቻል። ጥቃቅንና የተጠጋጉ መስመሮች ያሉት ጥለት በቪዲዮ ላይ ይርገበገባል። ለቴሌቪዥን አቅራቢ ሰፋ ያለ፣ በመካከሉ ነጭ ያለው ጥለት ይታዘዝ። ሙካሽ (የሚያብረቀርቅ ክር) ያለበት ጥለት በጎን መብራት ያምራል፣ ከፊት በሚመጣ መብራት ግን ያንጸባርቅና ዓይን ይወጋል። አዲስ ጨርቅ ሙጫ ካለው ደረት ላይ የሚሰካውን ማይክ ያንኮሻኩሻል፤ አንድ ጊዜ ታጥቦ ቢቀርብ ድምፁ ይለሰልሳል። ወገብ ላይ፣ በገበሩ ውስጥ፣ ለማይኩ ማስተላለፊያ የሚሆን ትንሽ ኪስ ማሰፋት የድምፅ ባለሙያውንም ለባሹንም ያሳርፋል።

ዋጋን በተመለከተ፣ «ቀሚሱ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ለዲዛይነር የተሳሳተ ጥያቄ ነው። አራት ነገር ለየብቻ ይጠየቅ፤ ክር፣ የሽመና እጅ (የሸማኔው የሥራ ክፍያ)፣ ጥለት፣ ስፌት። ሜዳው ነጭ የሆነ ጨርቅ በጥቂት ቀን ሲያልቅ፣ ደረቱና ጠርዙ ሰፊ ጥለት ያለው ግን ከሳምንት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ዋጋው የሚንረውም በጥለቱ ነው። ጥለቱን ከታች ከ30 ወደ 15 ሳንቲ ዝቅ ማድረግ የሸማኔውን የቀን ክፍያ ሳይነኩ ወጪ የሚቀነስበት መንገድ ነው። የሸማኔውን እጅ ለመቀነስ መጨቃጨቅ ግን ያሳፍራል፤ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ከሁሉም ያነሰ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ የተጎዳ ሸማኔም ማጉን ያላላል። ቀብድ ግማሽ መስጠት የተለመደ ነው፤ የቀረው ጨርቁ ተለክቶ ሲረከብ ይከፈል። በደላላ በኩል ካዘዛችሁ ማን እንደሚሸምነው ሳታዩ ገንዘብ አትስጡ። ለድርጅት የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ ደረሰኝ ያላቸው ሱቆች ጋ መስመር ይኑራችሁ፤ ከሸማኔ ቤት ደረሰኝ አይገኝምና ሒሳብ ስትዘጉ ትቸገራላችሁ።

የሽሮ ሜዳ ትልቁ ድክመት ምስጢር አለመኖሩ ነው። ዛሬ ያሳያችሁት ጥለት ታዋቂ ዘፋኝ ከለበሰው በጥቂት ሳምንት ውስጥ በየሱቁ ይሰቀላል። ይህን ሙሉ በሙሉ ማስቆም አይቻልም፤ መቀነስ ግን ይቻላል። አንዱ ሸማኔ ደረቱን፣ ሌላው ጠርዙን እንዲሠራ ትእዛዙን መክፈል አንድ ዘዴ ነው። ሁለተኛው የሕግ ነው፤ የኢንዱስትሪ ዲዛይን በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ይመዘገባል፣ ጥበቃውም ለ5 ዓመት ሆኖ የሚራዘም ነው። የንግድ ምልክት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ለ7 ዓመት ተመዝግቦ ይታደሳል። ሁለቱም የሚቀርቡት ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ዲዛይን ከሆነ ክሊፑ ከመለቀቁ በፊት ማመልከት ይሻላል። ለጀማሪ ግን በቅድሚያ ስሙን ማስመዝገብ ነው የሚመከረው፤ ጥለት ይለዋወጣል፣ ስም ግን ይከማቻል። ከባህል የወረደ የጥንት ጥለትን የራሴ ነው ብሎ ለማስመዝገብ መሞከር ደግሞ የሸማኔውን አባት ሥራ መንጠቅ ስለሆነ ከነጭራሹ አይታሰብ።

ለዘፋኝ በነጻ ማልበስን በተመለከተ ቁርጥ ያለ አቋም ያስፈልጋል። «ስምህ ይወጣል» የሚለው ቃል ብቻውን ክር አይገዛም። ቢያንስ የክርና የሽመና ወጪ ይሸፈን፤ ልብሱ ከቀረጻው በኋላ የማን እንደሚሆን፣ ስማችሁ በክሊፑ መግለጫ የመጀመሪያ መስመሮች ላይ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ፎቶዎቹን እናንተም መጠቀም እንደምትችሉ በአንድ ገጽ ውል ይፈረም። ልብሱ የእናንተ ሆኖ ከቀረ ማከራየት ይቻላል። ውድ ጥለት ያለውን ልብስ ዋጋውን የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ሽያጩ ሳይሆን ኪራዩ ነው።

ከከተማው ዳር ተነስቶ ሩቅ መድረስ እንደሚቻል ማስረጃ አለ። ቤተልሔም ጥላሁን ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ከአዲስ አበባው ዘነበ ወርቅ ሰፈር አስነስታ በእጅ የተሸመነ ጥጥና የአሮጌ ጎማ ሶል ያለው ጫማ ለውጭ ገበያ አድርሳለች። ሞዴል ሊያ ከበደም ለምለም የተባለውን የልብስ ስሟን በ2007 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስትጀምር መሠረቱ የኢትዮጵያ ሸማኔዎች ሥራ ነበር። እንዲህ ላለው ገበያ የሚያስፈልገው አሥረኛው ልብስ ልኩም ቀለሙም እንደ መጀመሪያው መሆኑ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ላይ ይህ የሚገኘው በተከታታይ ከሁለት ሦስት ሸማኔ ጋር ብቻ በመሥራትና የትእዛዙን ወረቀት ከናሙናው ጋር በማስቀመጥ ነው።

የጊዜውን ነገር ያላሰበ ግን ወረቀቱም አያድነውም። ከጋሞ የመጡት ብዙዎቹ ሸማኔዎች ለመስቀል አገራቸው ይገባሉ፤ ከመስከረም 17 በፊት ጀምሮ ጥቅምት እስኪገባ ድረስ ብዙ ጉድጓድ ባዶውን ይቀመጣል። በዚያ ወቅት የሚቀረጽ ክሊፕ ካላችሁ ጨርቁ በነሐሴ አጋማሽ እጃችሁ ይግባ። ለገናና ለጥምቀት የሚሆን ትእዛዝ ከኅዳር መጀመሪያ በላይ አይቆይ፤ ታኅሣሥ ላይ የሄደ ሰው ወይ በእጥፍ ይከፍላል ወይ ላላ ያለ ጨርቅ ይቀበላል። በክረምት የተረከባችሁትን ጨርቅ ደግሞ በፌስታል ጠቅልላችሁ አታስቀምጡ፤ እርጥበቱ ሻጋታ ያወጣና ነጩ ላይ የማይለቅ ነጥብ ይቀራል። በንጹሕ አቡጀዲ ጠቅልሉት፣ ፀሐይ በወጣ ቀንም አውጥታችሁ በጥላ አናፍሱት።