ከእጅ ማደባለቅ ወደ ሪባን ሚክሰር፦ ባለ 200 ሊትሩ ማሽን ለስፖርተኛ በሶ

በገበቴ 10 ኪሎ እያማሰለ ለደብረ ማርቆስና ለባሕር ዳር ሯጮች በሶ የሚያቀርብ ቤት፣ ትዕዛዙ ሲበዛበት መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ባለ 200 ሊትሩ ስቴንለስ ሪባን ሚክሰር ላይ ነው፤ ገንዳ ውስጥ በዘንግ ላይ የተጠመዘዘ ጥብጣብ መሰል ብረት (ሪባን) እየዞረ ዱቄት የሚያደባልቅ ማሽን ነው። ጥሩ ማሽን ነው። ግን «200» የሚለውን እንደ አቅም ቆጥሮ የገዛ ሰው ይቸገራል።

ገንዳው 200 ሊትር ይይዛል እንጂ 200 ሊትር አያደባልቅም። በደንብ የሚሠራው ከ40 እስከ 70 በመቶ ሲሞላ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ከሪባኑ በላይ የተረፈው ዱቄት ባለበት ይቀመጣል፤ ሲያንስ ደግሞ ሪባኑ አየር ይቀዝፋል። በሶው በሊትር ግማሽ ኪሎ ገደማ ከመዘነ (በሊትር ጆግ ሞልቶ ማየት ነው) 60 በመቶ ማለት 120 ሊትር፣ በክብደት 60 ኪሎ ነው። በቀን 300 ኪሎ ለማውጣት አምስት ዙር ይጠይቃል። ከዚህ በላይ ያሰበ ባለ 500ውን ይጠይቅ።

ለ60 ኪሎ የሚሆን አንድ ቅንብር፦ በሶ 36፣ በደንብ የተቆላ የአኩሪ አተር ዱቄት 12፣ ስቡ የወጣለት የወተት ዱቄት 6፣ የተፈጨ ስኳር 5.4፣ ጨው 0.6 ኪሎ። በ100 ግራም 17 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል። በሶ ብቻውን ጉልበት ነው፤ ፕሮቲኑን ከፍ የሚያደርጉት አኩሪ አተሩና ወተቱ ናቸው። አኩሪ አተሩ ጥሬነት ከቀረው ፕሮቲኑ ሆድ ውስጥ እንዳይፈጭ ያግዳል፤ እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም።

ጨውን በቀጥታ ገንዳ ውስጥ መበተን ትልቁ ስሕተት ነው። 600 ግራሙን መጀመሪያ ከ2 ኪሎ በሶ፣ ያንን ከ10 ኪሎ ጋር አዋሕዶ መጨመር ነው። ስኳሩም መፈጨት አለበት፤ ሻካራው ፍሬ ከላመው ዱቄት ተለይቶ ከረጢት ሲሞላ ወደ ታች ይወርዳል። ማሽኑ 10 ደቂቃ ከዞረ በኋላ ከአሥር ቦታ ናሙና ይወሰድ፤ ከእያንዳንዱ 10 ግራም በ90 ሚሊ ሊትር የተጣራ (ዲስቲልድ) ውኃ በጥብጦ በኮንዳክቲቪቲ ሜትር (ውኃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ፣ በዚያም የጨውን መጠን በሚያሳይ መሣሪያ) መለካት ይበቃል። የአሥሩ ንባብ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ንባቦቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳይ ስሌት) ለአማካዩ ሲካፈል ከ5 በመቶ በታች ከወጣ ድብልቁ ደርሷል። ከ10 ካለፈ እንደገና ይደባለቅ። ብዙ ማዞር ግን መፍትሔ አይደለም፤ እያደር የተቀላቀለው መልሶ መለያየት ይጀምራል።

የዚህ ማሽን ደካማ ጎን የመውጫው ቫልቭ ነው። ቫልቩ ከገንዳው ወለል ትንሽ ዝቅ ስለሚል ሪባኑ አይደርስበትም። ሲከፈት ቀድሞ የሚወርደው ነጭ ጓል ያልተደባለቀ ወተትና ስኳር ነው። የመጀመሪያውን 2 ኪሎ በባልዲ ተቀብሎ ወደ ገንዳው መመለስና ሁለት ደቂቃ ማዞር ነው፤ ይህ ካልተደረገ ያ ጓል የአንድ ሯጭ ከረጢት ይሆናል።

መብራቱም የራሱ ጣጣ አለው። ገንዳው እንደሞላ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሞተሩ ጭነት እንደያዘ መነሣት ያቅተዋል፤ ኦቨርሎዱ (ሞተሩን ከመቃጠል የሚጠብቀው መቁረጫ) ያጠፋዋል። ግማሹን አውርዶ ማስነሣት ይሻላል። የሦስቱ ፌዝ (የመብራት መስመር) ቅደም ተከተል ከተገላበጠ ሪባኑ ወደ ኋላ ይዞርና ዱቄቱን ወደ ቫልቩ መግፋት ትቶ ወደ ጫፍ ይሰበስበዋል፤ ይህ ሲሆን ማሽኑ እንዳይነሣ የሚያደርግ የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌይ ማስገባት ግድ ነው። ሞተሮች በአብዛኛው የሚሰሉት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር አካባቢ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ቢያግዝም ልክ ልኩን የተገዛ ሞተር አይበረክትም።

በክረምት የተቆላው ገብስ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ተፈጭቶ ከተከደነ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርድና ዱቄቱን ያጓጉለዋል። መቁያው ምድጃ ከሚክሰሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አይሁን፤ አየር ላይ የበነነ ዱቄት በእሳት ይፈነዳል።

ማሽኑን ለሌላ ሰው ማከራየት የሚያስብ ካለ ይተወው። ምንነቱ የማይታወቅ ዱቄት ከዘንጉ ማሸጊያ (ሲል) ሥር ቢቀር ነገ ከሯጩ ሽንት ይገኛል፤ የፀረ ዶፒንግ ሕጉ ሳያውቅ የወሰደውንም ተጠያቂ ያደርጋል። የልጆቹ ስንት ዓመት ልፋት በአንድ ማንኪያ ዱቄት መጥፋት የለበትም።

ከመክፈል በፊት ክዳኑን አስከፍቶ ዘንጉን በእጅ ማዞር ነው፤ ማሽኑ ከመብራት ተነቅሎ። በሪባኑና በገንዳው መካከል ያለው ክፍተት ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። አንዱ ጋ የሚፋቅ፣ ሌላው ጋ ጣት የሚያስገባ ከሆነ ዘንጉ ጠማማ ነው፤ አይገዛም።