እንሶስላ ፍለጋ ደሴ ድረስ

እንግሊዝ አገር ብርቅ አበባ በሚሸጥ አንድ ችግኝ ቤት ውስጥ እንሶስላ ተደርድሮ ሳይ ቆሜ ቀረሁ። እናቶቻችን ለሠርግ እጃቸውንና እግራቸውን የሚያቀሉበት ያው እንሶስላ ነው፤ እዚያ ግን የሚፈለገው ሥሩ ሳይሆን አበባው ነው። ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ወይን ጠጅ፣ ሲመሽም ሽታው የሚያውድ ነው። የዚያ አገር አትክልት ወዳዶች ግንዱ በውርጭ ሲወድቅ ሥሩን ወፍራም ብስባሽ አልብሰው እስኪያቆጠቁጥ ይጠብቁታል። ደሴ ባለው የእናቴ ግቢ ግን አንድም አልነበረም። ይህ አንገበገበኝ። በዚህ ክረምት ለአንድ ወር ወደ ወሎ ስሄድ ግቢውን ዓመት አልፎ ዓመት በሚያቆጠቁጡ ያገር ተክሎች ለማስዋብ ቆርጬ ነበር።

የመጀመሪያው ግዢዬ አልተሳካም። ኮምቦልቻ ከአውሮፕላን እንደወረድኩ፣ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሳልወጣ፣ መንገድ ዳር ካለ ሻጭ 12 ችግኝ ገዛሁ። «ሁሉም ቋሚ ነው፤ ሁሉም ይጸድቃል» አለኝ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ ነው። ታች በኮምቦልቻ ሙቀት የተፋፋ ችግኝ ከደሴ በላይ ያለውን የጦሳ ተራራን የሐምሌ ብርድና ጉም አይችለውም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስምንቱ በሰበሱ። ነቅዬ ሳያቸው ሦስቱ ከዱር ተቆፍረው የመጡ፣ ሥራቸውም የተቆረጠ ነበር። ተመልሼ ብሄድ «የተሸጠ ችግኝ አይመለስም» ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰም። ከብሩ ይልቅ ያሳዘነኝ ከተራራው መነቀላቸው ነው። ያመጣኝን ሹፌር ግን አመሰግናለሁ፤ እርጥብ ጆንያ አንጥፎላቸው ጠመዝማዛውን በዝግታ ነዳ።

ከዚያ በኋላ የእናቴ ቡና አጣጭ የሆኑ ጎረቤት ከጦሳ ግርጌ ችግኝ የሚያፈሉ አንድ ሽማግሌ ጠቆሙኝ። ሽማግሌው አንድም ችግኝ ሳያሳዩኝ ይጠይቁኝ ጀመር። «ጓሮው ፀሐይ የሚያገኘው ጧት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ? ዝናብ ሲጥል ውኃ ይተኛበታል? አንቺ ስትሄጂስ ማን ያጠጣዋል?» ለ19 ዓመታት ችግኝ ስገዛ እነዚህን ሦስቱን ባንድ ላይ የጠየቀኝ ሻጭ አላጋጠመኝም። በማግስቱ ራሳቸው ግቢያችን መጡ። አንድ ክንድ ያህል ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ ሞሉበትና ሰምጦ እስኪያልቅ አጠገቡ ተቀምጠው ጠበቁ።

እንሶስላውን ከቧንቧው በታች፣ ጥላና እርጥበት ባለበት ጥግ፣ ብዙ ፍግ በተቀላቀለበት አፈር ተከሉት። በበጋ ግንዱ ደርቆ ይጠፋል፤ «ሞተ ብላችሁ እንዳትቆፍሩት» ብለው እናቴን ደጋግመው አስጠነቀቁ። ሥሩ ከመሬት በታች ሆኖ ዝናብ ይጠብቃል። ተዳፋቱን ለአሸንዳ ሰጡት፤ አንዳንዱ አበልቢላ ይለዋል። እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አበባውም ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየፈካ ይሄዳል። ወገኑን ሳይንስ ክኒፎፊያ ይለዋል፤ ስሙ ከጀርመናዊው ሐኪም ከክኒፎፍ የተወሰደ ነው። አውሮፓ ውስጥ በብዛት የሚተከለው የደቡብ አፍሪካው ዘመዱ ሲሆን፣ ይህ ቅጠለ ብዙው የእኛው ግን የኢትዮጵያ ተራሮች ብቻ ነው። ዝናብ ይወዳል፤ ውኃ ከተኛበት ግን አንገቱ ይበሰብሳል። ለዚህ ነው ተዳፋቱ ለእሱ የሆነው። ያመጡልኝም ከራሳቸው እናት ተክል ከፍለው ነው፤ የተከፈለበትን ቦታ አገላብጠው አሳዩኝ። ለአጥሩ ቀይ አበባ ያለው ኮሸሽላና ቀጋ፣ ለድንጋዩ ሥር ደግሞ ጦስኝ ተተከለ። ቀጋ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛ የጽጌረዳ ዘር መሆኑን ስነግራቸው ዝም ብለው ቅጠሉን ዳሰሱት።

ጅብራ የሚባለውን የውርጭ አገር ግዙፍ ተክልም ለምኛቸው ነበር። በወሎው ቦረና ሳይንት በልጅነቴ ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋም። «አብሽሪ ልጄ፣ እሱን ተይው» አሉኝ። «አገሩ ከጉሙ በላይ ነው። ብዙ ዓመት ቆይቶ አንዴ አብቦ ይሞታል፤ እዚህ ደግሞ አበባውንም ሳያሳይሽ ይሞታል።» ገንዘቤን ሊቀበሉ ይችሉ ነበር፤ አልተቀበሉም።

ጉድለት አለ። ችግኞቹ ላይ ስም አልተጻፈም፣ ደረሰኝ የለም፣ ሰኞ ደግሞ ገበያ ስለሚውሉ ስልክ አያነሱም። ስሞቹን እኔው በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ ጽፌ ሰካሁ። ለ22 ችግኝ፣ ለፍግና ለሁለት ቀን ሥራ የከፈልኩት ኮምቦልቻ ላይ ካወጣሁት እጥፍ አይሞላም። መሄድ የሚፈልግ ሰው በሰኔ መጨረሻ፣ ክረምቱ መሬቱን እንዳራሰው ይሂድ፤ የጓሮውን ፎቶግራፍም ይያዝ።

አንድ ሥር በሻንጣ ይዤ ለመመለስ መጓጓቴን አልደብቅም። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ግን የአገሪቱን የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ ማውጣት ይከለክላል፤ ተገቢም ነው። እንሶስላው ደሴ ቀረ።

በመጨረሻው ቀን እናቴ ሽማግሌውን ለብቻ አነጋገረቻቸው። የእህቴ ልጅ ሠርግ ጥር ላይ ስለሆነ ሥሩ እስከዚያ ይደርስ እንደሆነ ጠየቀች። «የዘንድሮውን ይተዉት» አሏት። «በሁለተኛው ዓመት ትልቁን ይወስዳሉ፣ ትንሹን ለአፈሩ ይመልሳሉ።» ለሠርጉ ከገበያ ለመግዛት ተስማማች።