ታንኳ ቀዘፋው አሪፍ ነው፤ ላይፍ ጃኬቱ ግን የልጅ ነው

ባሕር ዳር ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ አርባ ሦስት ዓመቴ ድረስ ታንኳ ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ለሰው ሲናገሩት ያሳፍራል። ልጅ ሆኜ ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡትን ታንኳዎች ከሩቅ አይ ነበር። እናቴ ግን ወደ ውኃው አታስጠጋኝም። «ጉማሬ ይበላሻል!» ትለኛለች። ጉማሬ ሣር በል መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሰው እንደሚገድልም ያወቅሁት ያኔው ነው፤ ስለዚህ እናቴ ብዙም አልተሳሳተችም።

ባለፈው ወር ሐይቁ ዳር ስሄድ «ታንኳ ቀዘፋ እናስተምራለን» የሚል በእጅ የተጻፈ ሰሌዳ አየሁ። ገባሁ። የቤቱን ስም አልጠራም፣ የምወቅሰው ነገር ስላለኝ። ዋጋው ለሁለት ሰዓት 500 ብር ነው። በመጨረሻ አንድ የተጠበሰ ቆሮሶ አለው ተባልኩ።

ሥራዬን ልንገራችሁና ልቀጥል። ለጤና ተማሪዎች ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። ሴሬቤለም፣ ማለትም ከማጅራታችን በላይ፣ ከአንጎል ኋላ የተወሸቀችው ትንሿ አንጎል፣ በየዓመቱ የማስተምራት ምዕራፍ ናት። ሰሌዳው ላይ «ሚዛን፣ ቅንጅት» ብዬ እጽፋለሁ። አረቄ የጠጣ ሰው ለምን እንደሚንገዳገድ ተናግሬ አስቃቸዋለሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ። ታንኳው ላይ የተቀመጥኩ ቀን ግን ምዕራፉ በራሴ ላይ ወጣ።

አስተማሪው ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሽማግሌ ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓሣ ሲያሰግሩ የኖሩ ሰው። ብዙ አያወሩም።

«ጋሼ፣ ቀርከሃውን እንዴት ልያዘው?»

«ያዢው እንጂ፣ እታለም። እሱ ራሱ ያሳይሻል።»

ሌላ ማብራሪያ የለም። ከኋላዬ ተቀመጡ፣ ታንኳውን በእግራቸው ገፋ አደረጉ፣ ወጣን።

ታንኳ ጀልባ አይደለም። ደንገል በእስር በእስር ተደርጎ፣ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ነው። ውኃ ከሥር ይገባል፤ መግባቱ ግን አያሰምጠውም፣ የሚያንሳፍፈው ራሱ ደንገሉ ነውና። መቀመጫዬ ሌላ የደንገል ክምር ነበር። በአምስት ደቂቃ ቀሚሴ ራሰ። እርጥብ ሣር እና ዓሣ ይሸታል። ቀኑን ሙሉ ውኃ ሲጠጣ የዋለ ታንኳ ማታ ዳር ላይ ይቆማል፣ እንዲደርቅ። ካልደረቀ ይበሰብሳል።

አንድ ሃያ ሜትር ራቅ ብሎ ቢጫ ጀሪካን ተንሳፏል። የታንኳውን አፍንጫ እሱ ላይ ማድረስ ነው ሥራው። በቀኝ ስቀዝፍ ወደ ግራ ዞረ። ደንግጬ በግራ ቀዘፍኩ፤ ዘገየሁ፣ ደግሞም አበዛሁ፣ ወደ ቀኝ ተጠመዘዘ። ክብ ሠራን። ሁለተኛ ክብ ሠራን። ሴሬቤለሙ የተጎዳ ሰው አፍንጫህን በጣትህ ንካ ሲባል ጣቱ አልፎ ይሄዳል፣ ሲመልሰው ደግሞ ወዲያ ማዶ ያልፋል። እኔ ያንን በመላ ታንኳ ሠራሁት።

ከዚያ፣ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ፣ ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ላይ እጄ ቀድሞኝ መታረም ጀመረ። እዚህ ላይ አስተማሪነቴ አላስችል አለኝ። በአንጎላችን ካሉት ወደ 86 ቢሊዮን ነርቭ ሴሎች 69 ቢሊዮን ያህሉ ያሉት ሴሬቤለም ውስጥ ነው፤ ክብደቷ ግን የአንጎላችን አንድ አሥረኛ ግድም ብቻ ነው። አብዛኞቹ ግራኑል ሴል የሚባሉ ደቃቆች ናቸው። ዋናው ግን ፑርኪንየ የተባለ ሳይንቲስት በ1837 እ.ኤ.አ. የገለጸው ትልቁ ሴል ነው። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የደንገል ራስ ይመስላል እላቸዋለሁ። ልዩነቱ፣ ደንገል ዙሪያውን ይበተናል፣ ይህኛው ደብተር ውስጥ እንደተጫነ ቅጠል ጠፍጣፋ ነው። ከደቃቆቹ የሚመጡ ከ100 ሺህ በላይ ቀጫጭን ክሮች ያቋርጡታል። በሌላ በኩል ደግሞ ከአንጎል ግንድ የመጣ አንድ፣ አንድ ብቻ፣ ክር እንደ ሐረግ ተጠምጥሞ ይወጣበታል። ሐረጉ «ተሳሳትክ» የሚለውን ወሬ ያመጣል። አልበስ የተባለ ተመራማሪ በ1971 እ.ኤ.አ. ስህተት ሲመጣ ያን ጊዜ ይሠሩ የነበሩት ክሮች ግንኙነታቸው ይዳከማል ብሎ ገመተ፤ ሌላው ተመራማሪ ኢቶ በ1982 እ.ኤ.አ. ይህ ግንኙነት እንደሚዳከም በሙከራ አሳየ። ማለት፣ የዞረው ታንኳ ሁሉ እጄን እየገራው ነበር።

ይህን ያህሉን ድሮም አስተምረዋለሁ። ያላስተማርኩት ሽምብራው ነው።

ጋሼ ኪሳቸው ውስጥ በፌስታል የሽምብራ ቆሎ ይዘዋል። አፍንጫው ጀሪካኑን በነካ ቁጥር ከኋላዬ እጃቸውን ይሰዱና ሦስት አራት ፍሬ መዳፌ ላይ ጣል ያደርጋሉ። ጎበዝ የለ፣ ምን የለ። ሽምብራ ብቻ። ትልቅ ሴትዮ እንዲህ በቆሎ ትታለላለች ብዬ አልገመትኩም ነበር፤ ግን ከጀሪካኑ ሁለት ሜትር ስንቀርብ ምራቄ ይሞላል፣ እጄም ይረጋል። አንዴ ነካሁ፣ መዳፌን ዘረጋሁ፣ ምንም አልመጣም። ዞር ብዬ ሳይ ጋሼ ፔሊካን ያያሉ። የዘረጋሁት እጅ ሲቀር የተሰማኝን ቅሬታ ልነግራችሁ አልችልም።

በ2017 እ.ኤ.አ. ስታንፎርድ ውስጥ የተሠራ ሥራ ትዝ አለኝ። አይጦች ትንሽ እጀታ ይገፋሉ፣ ትንሽ ቆይቶ የስኳር ውኃ ይመጣላቸዋል። ተመራማሪዎቹ የፈለጉት ግራኑል ሴሎች እንቅስቃሴን እንዴት እንደሚይዙ ለማየት ነበር። ያገኙት ግን ሌላም ነው። አንዳንዶቹ ሴሎች አይጧ ስኳሩን ስትጠብቅ ይነቃሉ፣ ሌሎቹ ሲመጣላት፣ ሌሎቹ ደግሞ ሳይመጣላት ሲቀር። ያ ሐረግ የመሰለው ክርም ከስህተት ሌላ ሽልማት ሲጠበቅ ምልክት እንደሚልክ ከዚያ በኋላ በአይጥ ታይቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሴሬቤለም ሽልማትን የሚያበስረው ኬሚካል፣ ዶፓሚን፣ ወዳለበት ቦታ በቀጥታ እንደምትደውል ታየ። «ሚዛን» ብዬ ሰሌዳ ላይ የጻፍኳት ነገር ለካ ቆሎም ትቆጥራለች።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ አስበው ነው ብዬ ተገረምኩ።

«ጋሼ፣ ያችኛዋን ለምን ነፈጉኝ?»

«ኧረ እታለም፣ ነፍጌሽ አይደለም። አልቆብኝ ነው።»

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ። 1 ሰዓት ተባልኩ፣ ለ2 ሩብ ጉዳይ ላይ ጀመርን፤ ቁልፍ የያዘው ልጅ አልመጣም ነበርና። ላይፍ ጃኬቱ ሁለት ነው፣ ሁለቱም የልጅ፣ የአንዱ ዚፕ አይዘጋም። እስከ እንብርቴ እንኳ አልደረሰም። ስጠይቅ «ታንኳ አይገለበጥም» አሉኝ። ይገለበጣል! ሙሉው ቆሮሶ የተባለው ደግሞ ግማሽ ሆኖ መጣ። ዳጣው ግን ጥሩ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም።

ለሁለተኛ ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። ጋሼ የሉም። አንድ ወጣት ተሰጠኝ። ትሑት ልጅ ነው፣ ግን አፉ አያርፍም። «እትዬ፣ ክንድዎን በዚህ ያድርጉ፣ አሁን ወገብዎን፣ አሁን ይጎትቱ።» እሱን ስሰማ እጄ ጠፋብኝ። ነፋስም ተነሥቶ ነበር፣ ከሰዓት ጣና እንዲያ ነው። እንደገና ክብ ስንሠራ በስልኩ ቪዲዮ አነሣኝና «ለማስታወሻ» ብሎ ላከልኝ። አጠፋሁት።

ለጋሼ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ። ለቤቱ ሁለት፣ እሱም ለዳጣው። መሄድ የፈለገ በጠዋት፣ ሐይቁ ሳይነሣ ይሂድ። ሽማግሌው መኖራቸውን ደውሎ ያረጋግጥ፣ ላይፍ ጃኬት ከሰው ይዋስ፣ የሚርስ ልብስ ይልበስ። እኔ ለመጪው እሑድ ቀጠሮ ይዣለሁ። ግማሽ ኪሎ ሽምብራም ቆልቻለሁ፣ እንዳያልቅባቸው።